«ድግምት» የሚባለው ካርታ፦ ሲሕር ነው ወይስ ጨዋታ?

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ከአንዲት እናት የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «አሜሪካ የሚኖረው አጎቱ ለልጄ የመጫወቻ ካርታ ላከለት። ከጓደኛው ጋር ሲጫወት ‹ድግምት ጣልኩብህ› ይላል። አባቱ ይህን ሰምቶ ‹ቤቴ ውስጥ ሲሕር ተሠራ› ብሎ ተቆጣ፤ ካርታውንም ሊያቃጥለው ነው። ልጁም አባቱን ማናገር ትቷል። ምን እናድርግ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰባቱን አጥፊ ወንጀሎች ሲዘረዝሩ ከሽርክ ቀጥለው የጠቀሱት ሲሕርን ነው። በሌላ በኩል አንድን ሙስሊም፣ ያውም ልጅን፣ ሳያጣሩ በሲሕር መወንጀል ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንወቀው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ካርታዎች በጣም የታወቀው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የሚባለው ነው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ምሁር ፈጥሮት እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ቀረበ። በተለመደው አጨዋወት ተጫዋቹ ቢያንስ 60 ካርታ ይዞ ይቀርባል፤ 7ቱን በእጁ ይይዛል፤ በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል። የተጋጣሚውን ነጥብ ዜሮ ያደረሰ ያሸንፋል።

«ድግምቱ» የሚጣለው በክፍያ ነው። ሜዳ፣ ደሴት፣ ረግረግ፣ ተራራና ጫካ የሚባሉ የመሬት ካርታዎች አሉ። ተጫዋቹ በተራው በመደበኛው ደንብ አንድ መሬት ብቻ ይዘረጋል። መሬቱን ወደ ጎን ሲያዞረው «ማና» የሚባል መክፈያ ያገኛል። የድግምቱ ዋጋ በካርታው አናት ላይ በቀኝ ጥግ ተጽፏል። ዋጋው ሦስት ከሆነ ሦስት መሬት ያዞራል፤ ከሌለው መጣል አይችልም።

ተጫዋቹ ካርታውን ያሳያል፣ ዒላማውን ይመርጣል፣ ይከፍላል። ካርታው ግን ወዲያው አይሠራም። ተጋጣሚው «ፈጣን» የሚባለው ዓይነት ካርታ ካለው ይደርብበታል። ሁለቱም ሲያበቁ በመጨረሻ የተጣለው መጀመሪያ ይፈጸማል። በኋላ የመጣው የፊተኛውን ማክሸፍ የሚችለውም ለዚህ ነው። «ዝግተኛ» የሆኑት ደግሞ በራስ ተራ፣ ሌላ ያልተፈጸመ ካርታ በሌለበት ብቻ ይጣላሉ።

ወንድሞችና እህቶች! እዚህ ውስጥ ጂን አልተጠራም፤ ቋጠሮ ላይ አልተተፋም፤ ከአላህ ሌላ ማንም አልተለመነም። ያለው ሂሳብና ተራ መጠበቅ ነው። በሱረቱል በቀራህ 102ኛው አንቀጽ የተወገዘው ሲሕር ግን ከሰይጣናት የሚማሩት፣ ባልና ሚስትን ለመለያየት የሚፈልጉት፣ ወደ ክህደት የሚወስድ ሥራ ነው።

ስም ብቻውን ሑክም አይሆንም። አስካሪ መጠጥ ሌላ ስም ስለወጣለት ሐላል እንደማይሆን ሁሉ፣ ጨዋታም ድግምት ስለተባለ ብቻ ሲሕር አይሆንም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ክንፍ ያለው ፈረስ መጫወቻ እንደነበራቸውና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አይተው እንደሳቁ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። የልጅ ምናብ የልጅ ምናብ ነው።

ታዲያ ችግር የለበትም?

አለበት፤ ግን አባትየው ካሰበው ቦታ አይደለም። በመጀመሪያው ደንብ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርታ ያስይዝና አሸናፊው ይወስድ ነበር። ይህ ግልጽ ቁማር ነው። ደንቡ ከመደበኛው ጨዋታ ቢወጣም ልጆች በመካከላቸው «ያሸነፈ ይውሰድ» ከተባባሉ ያው ቁማር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሳዑዲ ዐረቢያ ዑለማእ የፖክሞንን ጨዋታና ካርታ ሲከለክሉ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ቁማር ነበር።

ሁለተኛ፣ ካርታው በታሸገ ፓኬት ይሸጣል፤ ውስጡ የትኛው ካርታ እንዳለ ገዢው አያውቅም። ውድ ካርታ ይወጣል እያሉ ደጋግሞ መግዛት የቁማርን ስሜት ያለማምዳል።

ሦስተኛ፣ የሰይጣናትና የጣዖታት ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች አሉ። በ1993 በወጣ ስብስብ ውስጥ «ጂሃድ» የተባለ ካርታም ነበር። ኩባንያው ራሱ በ2020 ዘርንና ባህልን የሚያንቋሽሹ ናቸው ብሎ ካስወገዳቸው 7 ካርታዎች አንዱ ነው። በሥዕሎቹና በስሞቹ ምክንያት ጨዋታውን ከነጭራሹ መተው ይሻላል የሚል ሰው ለጥንቃቄው ይከበራል። ልጁን ሳሒር ማለት ግን አይችልም።

ስለዚህ እህታችን፣ አባትየው ከእሳቱ በፊት ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠውና «እስቲ እንዴት እንደሚጫወቱት አስረዳኝ» ይበለው። ካርታዎቹን አብረው አንድ በአንድ ይዩ፤ መጥፎዎቹን ልጁ ራሱ ለይቶ ያውጣ። ማስያዝ ይቅር፤ አዛን ሲሰማ ካርታው ይሰብሰብ። «ድግምት ጣልኩ» በማለት ፈንታም «ካርታ ጣልኩ» ይበል። እውነተኛው ሲሕር ምን እንደሆነ፣ የጠዋትና የማታ ዚክርም ከእርሱ መጠበቂያ እንደሆነ የሚማርበት ጥሩ አጋጣሚ ይህ ነው። አባቱን የሚፈራ ልጅ ነገ ጠንቋይ ቤት ቢወስዱት እንኳ አይናገርም፤ አባቱን የሚያምን ግን ይጠይቃል።

አላህ ልጆቻችንን ከሲሕርም ከቁማርም ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።