የሞባይል ባንክ ደህንነት በኢትዮጵያ

የሞባይል ባንክ ደህንነት ማለት በስልክ ወይም በኢንተርኔት የሚንቀሳቀስ ገንዘብን፣ የሚስጥር ቁጥርንና የደንበኛን ማንነት ከአጭበርባሪዎች የመጠበቅ አሠራርና ልማድ ነው። እንዲህ ያለው ማጭበርበር ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው የባንኩን ኮምፒውተር ሰብሮ በመግባት ሳይሆን፣ የሒሳቡን ባለቤት አታልሎ በሩን በገዛ እጁ እንዲከፍት በማድረግ ነው።

አገልግሎቱ

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ኤምፔሳን አቀረበ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸው የሞባይል አገልግሎት አላቸው። በባሕር ዳር የባጃጅ ሒሳብ፣ የዓሣ ምሳ ወይም ከጣና ዳር ወደ ዘጌ የሚወስድ ጀልባ ዋጋ በስልክ ሊከፈል ይችላል።

ደንበኛው አገልግሎቱን የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ኢንተርኔት የሚፈልገው መተግበሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ *127# (ቴሌብር) እና *889# (ንግድ ባንክ) ያለ አጭር ቁጥር ነው። አጭር ቁጥሩ ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክም ይሠራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ይህ ልዩነት ጎልቶ ታይቷል። ሆኖም በአጭር ቁጥር ሲሠራ የሚስጥር ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ «ላክልኝ» ማለት አደጋ አለው።

የተለመዱ የማታለያ ዘዴዎች

ሐሰተኛ ደረሰኝ፦ ገዢው ገንዘብ እንደላከ የሚያስመስል ምስል ወይም የጽሑፍ መልዕክት ያሳያል። ለምሳሌ አንድ የጀልባ ባለቤት በተሳፋሪው ስልክ ላይ «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ አይቶ ቢነሳ፣ ገንዘቡ እንዳልገባ የሚያውቀው ማታ ሒሳቡን ሲያይ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫ የሚሆነው የከፋዩ ስልክ ሳይሆን የተቀባዩ የራሱ ቀሪ ሒሳብ ነው።

የጥሪ ማታለያ፦ ደዋዩ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ወደ ስልኩ የገባውን የማረጋገጫ ኮድ እንዲነገረው ይጠይቃል። ኮዱን ያገኘ ሰው የደንበኛውን ሒሳብ በራሱ ስልክ ላይ ሊከፍት ይችላል።

«በስህተት ላክሁ»፦ አጭበርባሪው ሐሰተኛ መልዕክት ልኮ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይለምናል። ርኅሩኅ ሰው ቀሪ ሒሳቡን ሳያይ ይልክና የራሱን ገንዘብ ያጣል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም፣ እንዲመለስ የሚደረገው በባንኩ በኩል ቢሆን ይሻላል።

ሐሰተኛ መተግበሪያ፦ በቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ በሚላክ ማስፈንጠሪያ የሚወርድ፣ የባንክ አርማ የለጠፈ መተግበሪያ የሚስጥር ቁጥርን ሊሰርቅ ይችላል።

ሒሳብ ማዋስ፦ «ገንዘብ በአንተ ሒሳብ ይግባልኝ፣ ድርሻህን ውሰድ» የሚል ጥያቄ በተለይ ለተማሪዎች ይቀርባል። ገንዘቡ የተጭበረበረ ከሆነ በመጀመሪያ የሚፈለገው የሒሳቡ ባለቤት ነው።

የመጋቢት 2016 ክስተት

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ። ባንኩ አገልግሎቱን ለጊዜው አቋረጠ፤ ፕሬዝዳንቱ አቤ ሳኖም ክስተቱ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቁ። ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑ ተገለጸ። ባንኩ ገንዘቡን በፈቃዳቸው የሚመልሱ እንደማይከሰሱ ተናገረ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ግን ይፋ አደረገ። ክስተቱ እያንዳንዱ የገንዘብ እንቅስቃሴ ስም፣ ሰዓትና ሒሳብ ቁጥር ይዞ እንደሚመዘገብ ለብዙ ወጣቶች ያሳየ ነበር።

ጥንቃቄ

የሚስጥር ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን። የትውልድ ዓመትና እንደ 1234 ያለ ተከታታይ ቁጥር በቀላሉ ይገመታል። አጠራጣሪ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ ወደ ተቋሙ የታወቀ ቁጥር ራስ መደወል ይመረጣል፤ የንግድ ባንክ 951፣ የቴሌብር 127 ነው። መተግበሪያ የሚጫነው ከስልኩ ኦፊሴላዊ የመተግበሪያ መደብር ነው። ሲም ካርድ ያለ ምክንያት ኔትወርክ ካጣ፣ ሌላ ሰው ምትክ ሲም አውጥቶበት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ማጣራት ያስፈልጋል።

ገንዘብ ከተወሰደ በኋላ

የተሰረቀ ገንዘብ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተላልፎ በጥሬው እስኪወጣ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ተጎጂው አፍሮ ወይም «እስኪነጋ» ብሎ መቆየት የለበትም። በመጀመሪያ ለባንኩ ደውሎ ሒሳቡን ያሳግዳል፤ ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥሩን ይቀይራል፤ መልዕክቶቹንና የግብይት ቁጥሩን ሳያጠፋ ለፖሊስ ያመለክታል። በኮምፒውተር አማካኝነት የሚፈጸም ማታለልና የማንነት ስርቆት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል።