ሞተር ሲወርድ ስንት ያስከፍላል?

አሮጌ ፒክአፕ ሞተሩ ሲያልቅ ሁሉም ሰው «ሞተሩ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን እንጃ፣ እኔን ግን «መኪናው ስንት ቀን ይቆማል?» የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል።

አጎቴ ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ቲማቲም የሚያመላልሱበት የናፍጣ ሃይሉክስ አላቸው። ሞተሩ 2ኤል፣ 2,446 ሲሲ ነበር። በቅርቡ ቴስታታው ተሰነጠቀና ውሃው ከዘይቱ ተቀላቀለ። መካኒኩ «ጋሼ፣ ይታደስ ካሉ ሁለት ሳምንት፣ ይቀየር ካሉ ሦስት ቀን» አላቸው። እድሳቱ በወጪ ይረክሳል። ግን መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ ገቢ የለም፤ ቲማቲም ደግሞ ጋራዥ አይጠብቅም። ይሄ ሲደመር ርካሹ ይወደዳል።

ስለዚህ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ 3ኤል ተገዛ። 2,779 ሲሲ ነው፤ ከ2ኤል ጋር አንድ ዘር ስለሆነ በነባሩ ካምቢዮ ላይ ይገጥማል። ባትሪው ተነቀለ፣ ውሃና ዘይቱ ተደፋ፣ ራዲያተሩ ወጣ፣ ካምቢዮው ተለየ፣ አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወጣ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሞተሩ ወርዶ እያለ ያለቀ ፍሪሲዮን ካለ አብሮ ይቀየር፤ ነገ ለእሱ ብቻ ብሎ ካምቢዮ ማውረድ የእጅ ዋጋ ሁለቴ መክፈል ነው። ሌላው ሊብሬ ነው። የሞተር ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል። ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ሞተር የገዛ ሰው ቦሎ ሲያወጣ ወይም መኪናውን ሲሸጥ ይቸገራል። አጎቴ መጀመሪያ ያዩትን ረከስ ያለ ሞተር ትተው ያለፉት ለዚሁ ነው፤ ደረሰኝ አልነበረውም።