ለገሃርን በገበታ ላይ

የባቡር ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታየው የልጆች መጫወቻ ነው። ክብ ሐዲድ፥ በላዩም የሚሽከረከር ትንሽ ባቡር፤ ልጁም ሦስት ጊዜ ሲዞር አይቶ ይሰለቸዋል። እርግጥ ነው፤ ነገሩ የተጀመረውም በመጫወቻ ነው። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ፥ በተወሰነ ልክ የተሠራና እየተቀጠለ የሚረዝም የመጫወቻ ሐዲድ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ግን ጨዋታው የትልልቆች ሥራ ሆኗል። በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. በተባለው ስመ ጥር የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1946 የባቡር ሞዴል ክበብ ተቋቁሞ ነበር። የክበቡ ተማሪዎች ከገበታው በታች ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያያይዙና ሲፈቱ ቆይተው ወደ ኮምፒዩተር ተሻገሩ፤ ከእነርሱም መካከል በዚያ ዘመን ከነበሩት ምርጥ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የተቆጠሩ ወጡ። እንግዲህ ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር ሁሉ ከንቱ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እኛም በሀዋሳ ከተማ በታቦር፥ ከጥቂት ባልንጀሮቻችን ጋር ሆነን ከሥራ በምናርፍበት ቀን የምንደክምባት አንዲት ገበታ አለችን። ርዝመቷ አራት ሜትር፥ ስፋቷ አንድ ሜትር ነው። በላይዋ የቆመው የአዲስ አበባው የባቡር ጣቢያ ለገሃር ነው። ባቡር በማያልፍበት ከተማ ተቀምጦ የባቡር ጣቢያ መሥራት ለአንዳንድ ሰው ያስቀው ይሆናል። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስለ መጠኑ ጥቂት እንበል። የምንሠራው በእውነተኛው ነገር አንድ ሰማንያ ሰባተኛ ልክ ነው። የአሮጌው ምድር ባቡር ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ስለ ሆነ፥ በገበታችን ላይ 12 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ የሆነ ሰው ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው 784 ኪሎሜትር መንገድ ግን በዚህ ልክ እንኳ ቢቀነስ ዘጠኝ ኪሎሜትር ይፈጃል። ይህን የሚይዝ ቤት ከየት ይገኛል? ስለዚህ የባቡር ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ፥ ወደደም ጠላም፥ መራጭ ነው። ምን እንደሚያስቀርና ምን እንደሚያስገባ ይወስናል። ቁም ነገሩም ያለው ከዚህ ምርጫ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመረጠው ዓመቱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ ለማሠራት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንጻ የተመረቀው በኅዳር ወር 1922 ነው። የፈረንሳዩ ቀራፂ ዦርዥ ጋርዴ የሠራው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ደግሞ በ1923 ከተከበረው የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ ከጣቢያው ፊት ቆመ። ጣልያኖች ሐውልቱን ነቅለው ሮማ ወሰዱት፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ተመልሶ ከስፍራው ቆመ። እንግዲህ አንድ ሰው ለገሃርን ሠርቶ አንበሳውን ቢያቆም ወይም ቢያስቀር፥ ሳይናገር ዓመተ ምሕረት ተናገረ ማለት ነው። ከጣቢያው ሽቅብ በሚወጣው በቸርችል ጎዳና ጫፍ የማዘጋጃ ቤቱን ሰዓት ቢጨምር ወደ 1950ዎቹ ገባ፤ የከተማውን ቀላል ባቡር ድልድይ ቢዘረጋ ደግሞ 2008ን አለፈ። ታሪክ በቃል መሸምደድ የሚያስቸግረው ተማሪ ይህን ሥራ አንድ ወር ቢሞክር ዓመቶቹ በጣቱ ይገቡለታል።

የእኛ ገበታ በመጀመሪያ የተሠራችው በ1923 ልክ ነበር። ሕንጻው አዲስ፥ አንበሳው አዲስ፥ ባቡሩ በእንፋሎት የሚሄድ፤ ለዓይን ያማረ ነበር። አሁን ግን የጣቢያውን አካባቢ አንሥተን እንደገና የምንሠራው በኅዳር 2011 ልክ ነው። ይህን ዓመት የመረጥነው በዚያ ወር የለገሃር አካባቢ መልሶ ግንባታ በይፋ ስለ ተጀመረ ነው። ኢግል ሂልስ የተባለው የአቡዳቢ ኩባንያ በ36 ሄክታር መሬት ላይ መኖሪያ፥ መሥሪያ ቤትና የንግድ ስፍራ እንዲሠራ የታቀደበት ሲሆን፥ አሮጌው የጣቢያ ሕንጻ በቅርስነት እንደሚጠበቅ፥ የሰፈሩ ነዋሪዎችም በዚያው ስፍራ ቤት እንደሚሠራላቸው በጊዜው ተነግሯል። እኛ ለማስቀረት የፈለግነው ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን ሰፈር ነው።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «የ1923ቱ ውብ ሆኖ ሳለ ለምን ይፈርሳል?» ብለው ተከራከሩን። መልሳችን አጭር ነው። የ1923ቱን ለገሃር ብዙ ጠባቂ አለው። ፎቶግራፉ በየመጽሐፉ ይገኛል፤ ሕንጻው ራሱ ቆሟል። ከሕንጻው ጀርባና ጎን የነበሩትን የቆርቆሮ ቤቶች፥ መተላለፊያዎችና ግቢዎች ግን ማን ሥሎ አስቀመጣቸው? ትልቁ ነገር ሁልጊዜ የሚያስታውሰው አያጣም፤ ትንሹ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከፈረሰ እንዳልነበረ ይሆናል።

ሥራውም እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ሕንጻውን መለካት አይከብድም፤ በፎቶግራፍ ላይ ከበሩ አጠገብ የቆመ ሰው ከተገኘ፥ የሰውየውን ቁመት መለኪያ አድርጎ በሩን፥ ከበሩ መስኮቱን፥ ከመስኮቱ ጣሪያውን ማግኘት ይቻላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ብልሃት ይፈልጋል። የካርቶን ውስጠኛ ሞገድ ለዚህ ልክ እጅግ ይጎላል። ስለዚህ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ጥርሱ በደቀቀ ማበጠሪያ ላይ አድርገን በጥፍር እንጫነዋለን፤ ሞገዱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይወጣና ትክክለኛ ቆርቆሮ ይመስላል። ዝገቱን ቡናማ ቀለም በደረቅ ብሩሽ እየነካን እናመጣዋለን። ለአፈሩ የደረቀ የቡና አተላ፥ ለሣሩ የተቀባ የመጋዝ ብናኝ ይበቃል።

በዋናው ሐዲድ ላይ ባቡር አናስቀምጥም። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረው አሮጌ ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎቱን አቁሟልና። መስከረም 25 ቀን 2009 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመርም መነሻው ከከተማው ዳር ከለቡ በኩል እንጂ ከለገሃር አይደለም። በገበታችን ላይ የሚንቀሳቀሰው ከጣቢያው ፊት ለፊት በድልድይ የሚያልፈው የከተማው ቀላል ባቡር ብቻ ነው። አንድ የባቡር ሞዴል ዋናው ሐዲድ ባዶ መሆኑ የሚያይ ሰው ይገረም ይሆናል፤ እውነቱ ግን ያ ነበር።

ከሁሉ የከበደን የሰፈሩ ነገር ነው። ቤት በቤት ላይ ተደግፎ ሲቆም ወሰኑ ከወዴት ነው? የቦኖው ውኃ ከየትኛው ጥግ ነበር? የዕድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበትስ? ሊስትሮው ጥላ የሚያገኘው በየትኛው ግንብ ሥር ነው? ይህን የሚመልስ ካርታ የለም፤ የሚመልሰው በዚያ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችን እየጠየቅን፥ አንዱ የተናገረውን ከሌላው እያስተያየን እንሠራለን። በዚህም አንድ ነገር ተገነዘብን። ሰዎች ስለ ቤታቸው ሲጠየቁ የግድግዳውን ልክ አይናገሩም፤ ጎረቤታቸው ማን እንደ ነበር ይናገራሉ። በገበታ ላይ አንድ ቤት ለማንሣት ሁለት ጣት ይበቃል። ከእውነተኛው መሬት ላይ ግን ከቤቱ ጋር ዕድሩ፥ ዕቁቡ፥ የቡናው ጠጪ ሁሉ ይነሣል።

ይህን ስንል ከተማ አይታደስ ማለታችን አይደለም። የዛገ ቆርቆሮ በገበታ ላይ ያምራል እንጂ በሥሩ ለሚያድር ሰው በዝናብ ጊዜ መከራ ነው። የምንለው፥ ከሚፈርሰው ጋር ምን ምን አብሮ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይቆጠር ነው።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ባቡር ከተማ እንደሚሠራ ድሬዳዋ ምስክር ናት። መንገዱ በተራራው ምክንያት ሐረርን ትቶ በሜዳው ሲያልፍ፥ ከጣቢያው ፊት ከዚራ የተባለው ሰፈር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተቀየሰ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በሌላ መልክ አደገ። ያ የአንድ ጊዜ ውሳኔ ዛሬም በከተማይቱ መልክ ላይ ይታያል። ወደ እኛ አገር ወደ ደቡብም የባቡር ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ከናዝሬት ወደ ዲላ የሚወስድ መስመር ታስቦ ነበር። በ2003 በተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመንም ከሞጆ በሻሸመኔ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ መስመር ታቅዷል። ሁለቱም አልተሠሩም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ሁለት ጊዜ ከመጣ ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ከለገሃር ገበታ አጠገብ አንድ ባዶ ጣውላ አስቀምጠናል። በላዩ ያለው የታቦር ኮረብታ፥ ሐይቁና በሐምሌ 2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብቻ ነው። ጣቢያው የት ይሁን? ለዕቃ ጭነት ከፋብሪካው አጠገብ ይሻላል፤ ለመንገደኛ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ይቀላል። ሐዲዱ በየትኛው ሰፈር መካከል ይለፍ? ተማሪዎች በየት በኩል ይሻገሩ? ዓሣና ፍራፍሬ የምትሸጠው ሴት መንገደኛውን የምትጠብቀው ከየት ቆማ ነው? ሐዲዱን በቀይ ክር እየዘረጋን፥ እያነሣን፥ እንደገና እየዘረጋን እንከራከራለን። ክር ማንሣት ካሳ አያስከፍልም፤ ማንንም ከቤቱ አያስወጣም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶቻችን። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ በከተማ ፕላን ላይ የምትፈርሙ ወጣቶች፥ ካርታ ከላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን መሆኑን አትርሱ። ከፍ ብሎ የሚያይ ሰው ጣሪያ እንጂ በር አይታየውም። ከመፈረማችሁ በፊት ያንኑ ሰፈር ከካርቶንና ከሙጫ ሠርታችሁ፥ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር የሆኑትን ሰዎች በየደጃቸው አቁሟቸው። ከዚያም ጎንበስ ብላችሁ በእነርሱ ቁመት ልክ ተመልከቱ። ወጪው የአንድ ሳምንት የሻይ ገንዘብ አይሞላም።