ከፍ ያለችው ፒካፕና ጣጣዋ

ዳላስ ወይም ዴንቨር ለሚኖር አበሻ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ዞር ሲል የጎረቤቱን ሾፌር ፊት አያይም፤ በመስኮቱ ትይዩ የሚታየው ጎማና የቸርኬ ቡሎን ነው። አሜሪካኖች «ሊፍትድ ትራክ» ይሏታል፤ ከፋብሪካ ከወጣችበት ቁመት በላይ ከፍ እንድትል የተደረገች ፒካፕ ማለት ናት። ፎርድ ኤፍ-150፣ ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ፣ ራም፣ ቶዮታ ታኮማ፣ ሁሉም ይነሳሉ። ሲፈጥራትም ግዙፍ የሆነች መኪና ሌላ ቁመት ምን ያደርግላታል የሚል ሰው ካለ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ሥራው ከቀላሉ ይጀምራል። ፒካፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ኋላቸው ከፊታቸው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ካሶኒው ላይ ጭነት ሲያርፍ ቀጥ እንዲሉ ነው። የፊቱን በ2 ኢንች፣ ማለትም በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ አንስቶ ከኋላው ጋር ማስተካከል ርካሹ ዘዴ ሲሆን፣ ከፊት ስፕሪንጉ አናት ላይ አንድ ወፍራም ብረት ገብቶ ያልቃል። ቦዲውን ብቻ ከሻንሲው ላይ የሚያነሱም አሉ፤ በሁለቱ መካከል ከ1 እስከ 3 ኢንች ውፍረት ያለው ድጋፍ ይገባና በረጅም ቡሎን ይታሰራል። ይህኛው ትልቅ ጎማ የሚገባበት ቦታ ይከፍታል እንጂ ሻንሲውን ከመሬት አያርቀውም። ዋናው ማንሳት የሰስፔንሽን ነው። ስፕሪንጉ ይቀየራል፣ ሾኩ ይረዝማል፣ የኋላው ባሌስትራ ይለወጣል ወይም ብሎክ ይገባበታል፤ መኪናዋም 4፣ 6፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኢንች ትነሳለች። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ ብዙ ሺህ ይደርሳል፤ ጎማና ቸርኬ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ብዙ ገዢ ልብ የማይለው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ድንጋያማ መንገድ ላይ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመታው ከኋላ አክሰል መሀል ተንጠልጥሎ የሚታየው ዲፈረንሻል ነው። አክሰሉ የተያዘው በሁለቱ ጎማዎች መሀል ስለሆነ፣ ሰስፔንሽኑን 6 ኢንች ቢያነሱት ዲፈረንሻሉ ንቅንቅ አይልም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማው ብቻ ነው፤ እሱም በግማሹ። 32 ኢንች ጎማ አውጥተው 35 ኢንች ቢያስገቡ የጎማው ቁመት በ3 ኢንች ያድጋል፤ ዲፈረንሻሉ ግን የሚያተርፈው አንድ ተኩል ኢንች ነው። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ወጥቶ ከሥር የተገኘው ትርፍ የሁለት ጣት ውፍረት ያህል መሆኑን የሚነግር ሻጭ አላጋጠመኝም።

ይህን ስል ጥቅም የላትም ማለቴ አይደለም። ፓራውልቷ ከመሬት ስለሚርቅ ቁልቁለት ወርዳ ወዲያው ዳገት ስትይዝ አፍንጫዋ አፈር አይምግም። ሻንሲዋ ጉብታ ላይ አይቀመጥም። በዩታ ግዛት ሞአብ የምትባለው ከተማ ዙሪያ ባለው ቀይ አለት ላይ፣ ወይም ካሊፎርኒያ ውስጥ በሩቢኮን መንገድ ለሚነዳ ሰው እያንዳንዷ ኢንች ዋጋ አላት። ሞአብ ላይ በፋሲካ ሰሞን የሚደረገው የጂፖች ጉዞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የቆየ ነው። አይስላንድ ውስጥ ደግሞ ከፍ ተደርገው ግዙፍ ጎማ የተገጠመላቸው መኪኖች የጎማቸውን ነፋስ እጅግ ቀንሰው፣ ጎማው ተጋድሞ ሰፍቶ፣ የበረዶ ግግር ላይ ሳይሰምጡ ይሄዳሉ። እዚያ ቁመቱ ጌጥ አይደለም፤ ያለ እሱ የበረዶ ግግሩ አይታለፍም።

ጌጥነቱም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። በሚዙሪ ግዛት የሴንት ሉዊስ ሰው የሆነው ቦብ ቻንድለር የ1974 ሞዴል ፎርድ ኤፍ-250 ፒካፑን ጎማዋን እያሳደገ፣ የተሰበረውን በጠንካራው እየተካ፣ ሲጨምርባት ሲጨምርባት «ቢግፉት» የምትባለዋን መኪና ሠራ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሮጌ መኪኖች ላይ ወጥታ ስትጨፈልቅ ሕዝብ ጉድ አለ፤ ዛሬ በስታዲየም የሚታየው የግዙፍ መኪኖች ትርኢት ከእሷ ይወለዳል። ዛሬ አስፋልት ላይ የምናያት ከፍ ያለች ፒካፕም ከዚያ ስሜት የራቀች አይደለችም። ብዙዎቹ ጭቃ ረግጠው አያውቁም። ባለቤቶቹ የሚገዙት እይታውን ነው፦ ከፊት ያሉት መኪኖች ጣሪያ ከላይ ይታያል፣ መጨናነቁ የት ላይ እንደሚያልቅ ይታወቃል፣ ነዳጅ ማደያ ሲገባ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ሰው ለደስታው ገንዘብ ማውጣቱ ነውር የለውም። ሒሳቡን አውቆ ያውጣ እንጂ።

ሒሳቡ ከፍጥነት ቆጣሪው ይጀምራል። ቆጣሪው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ እንጂ ጎማው ምን ያህል እንዳደገ አያውቅም። ከ32 ወደ 35 ኢንች የተዛወረ ሰው ኮምፒውተሩን ካላስተካከለ፣ ቆጣሪው 60 ማይል ሲያሳየው እሱ በ65 ተኩል እየበረረ ነው። ፖሊስ ይህን ሰበብ አይቀበልም። ትልቅ ጎማ ከባድ ነው፤ ለማሽከርከርም ለማቆምም ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ነዳጅ ይበላል፣ ፍሬኑ ላይ ጫና ይበዛል፣ ማርሹም ዳገት ያቅተዋል። አንዳንዱ የዲፈረንሻሉን ጥርስ በሌላ ቁጥር አስቀይሮ ይገላገላል፤ ያም ሌላ ወጪ ነው። በዚህ ላይ የሻፍቱና የመሪው መጋጠሚያዎች ባልታሰበላቸው ማዕዘን ስለሚሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። ፊታቸው ሙሉ አክሰል የሆነ መኪኖች ላይ፣ እንደ ጂፕ ራንግለር ባሉት፣ መሪው በድንገት ከእጅ እስኪወጣ ድረስ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ይህን «የሞት መንቀጥቀጥ» ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

የመገልበጥ ነገር ግን በጨዋታ አይታለፍም። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመኪናን የመገልበጥ ዝንባሌ የሚለካበት ቀላል ስሌት አለው፦ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት፣ የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ባለው ከፍታ እጥፍ ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መኪናው በቀላሉ ይገለበጣል። የጎማዎቿ ስፋት 68 ኢንች፣ የክብደት ማዕከሏ 28 ኢንች ላይ ነው እንበል፤ ውጤቷ 1.21 ነው። ማዕከሉን በ3 ኢንች ብቻ ብናነሳው ወደ 1.10 ይወርዳል። በጤናማ ቀን ልዩነቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በ70 ማይል ፍጥነት ላይ አጋዘን ዘሎ ሲገባና መሪ በድንገት ሲጠመዘዝ ነው።

ለሌላውም ሰው ጣጣ አላት። ኮፈኗ ከፍ ባለ ቁጥር ከፊቷ የቆመ ሕፃን ከሾፌሩ ዓይን ይሰወራል። በ2023 የወጣ የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የመንገድ ደኅንነት ተቋም ጥናት፣ የኮፈናቸው ከፍታ ከ40 ኢንች በላይ የሆነ መኪኖች፣ 30 ኢንች ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ኮፈናቸው ዘቅዘቅ ካለው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመቱትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ገደማ ይበልጣል ብሏል። ጥናቱ ከፋብሪካ እንደወጡ ስላሉት መኪኖች ነው፤ በዚያ ላይ 6 ኢንች ሲጨመር የሚሆነውን መገመት አያቅትም። መብራቷም ካልተስተካከለ በትንሽ መኪና የሚሄደውን ሰው በስፖኪዮው በኩል ዓይኑን ያጠፋዋል።

ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ አንዱ የፓራውልትን፣ ሌላው የመብራትን ከፍታ ይገድባል። አፍንጫዋን ሰቅላ ኋላዋን ያስቀመጠችዋን፣ «ካሮላይና ስኳት» የሚሏትን ግን ሰሜን ካሮላይና በ2021፣ ቨርጂኒያ በ2022፣ ደቡብ ካሮላይና በ2023 ከልክለዋታል። ሾፌሩ ሰማይ እያየ ስለሚነዳ ይበል የሚያሰኝ ሕግ ነው።

የቤት ውስጡ ጣጣ ደግሞ አለ። የብዙ ቤቶች የጋራዥ በር 7 ጫማ ነው፤ አይበቃትም። የመኪና ማጠቢያውም፣ ከመሬት በታች ያለው ማቆሚያም እንዲሁ። ካሶኒዋ ትከሻ ድረስ ስለሚደርስ አንድ ጆንያ ጤፍ ለመጫን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያስቀው እሑድ ጠዋት ነው፦ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ በሩ ሥር ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። ልጅየው ዱካ አምጥቶ አስቀምጦ «ይያዙኝ እማዬ» ይላል፤ እሳቸው በአንድ እጅ በሩን፣ በሌላው ነጠላቸውን ይዘው «ይሄ መኪና ነው ወይስ ቆጥ?» እያሉ ይወጣሉ። መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ ይብሳል። መርገጫው እንደ ትርፍ ዕቃ ቢታይም መጀመሪያ መገዛት ያለበት እሱ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ከተማ ውስጥ ለሚኖርና አልፎ አልፎ ገጠር ለሚወጣ ሰው 2 ኢንችና ጥሩ ጎማ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ከፋብሪካው ከፍ ብላ የወጣችውን፣ እንደ ፎርድ ራፕተር ያለችውን ይመልከት፤ ዋጋዋ ቢያስደነግጥም ሰስፔንሽኗና ፍሬኗ አብረው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሰው ያነሳትን ያገለገለች መኪና የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የታወቀ መካኒክ ከሥሯ ገብቶ ይያት። የፊት አክሰሏ ላይ ብሎክ ተደርቦ ከተገኘ ጥላችሁ ሂዱ። ማን እንዳነሳት ደረሰኝ ጠይቁ፤ ኢንሹራንሳችሁም መነሳቷን ይወቅ። የማይል ቆጣሪዋንም እንዳለ አትመኑ፤ ጎማው ተቀይሮ ካልተስተካከለ 100 ሺህ የሚለው 109 ሺህ ሊሆን ይችላል።