ከመንዝ ደጋ ወደ ግሪክ ደሴት፦ ስለ ተማሪው የመጀመሪያ ቀናት ተረትና እውነታ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ከምትገኘው ከዘመሮ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ ግሪክ ደሴት የሚሻገር ወጣት ገና ከቤቱ ሳይወጣ ስለሚሄድበት አገር ብዙ ይነገረዋል፤ ደሴቱ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ እንደማይለየው፣ ፊደሉ እንደማይፈታ፣ ሃይማኖቱ ግን ከኢትዮጵያ ጋር አንድ እንደሆነ ይሰማል። ከእነዚህ ወሬዎች አብዛኛው ከእውነት ጥቂት ይዞ ብዙ የሚስት በመሆኑ፣ ተማሪው ባልተዘጋጀበት በኩል እንዳይቸገር አንድ በአንድ ማቅናት ተገቢ ነው።

የአየሩ ነገር ጉዳቱ በሰውነት ላይ ስለሚያርፍ ይቅደም። የኤጅያን ባሕር ደሴቶች አየር ሜዲትራንያናዊ የሚባለው ነው፤ ይኸውም በጋው ደረቅና ሞቃት፣ የብርዱ ወራት ደግሞ ዝናባም የሆነ፣ ዝናቡም በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሚወርድ ማለት ነው። ሌስቮስን መቀመጫው አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተውና በኪዮስ፣ በሳሞስ፣ በሮዳስ፣ በሲሮስና በሌምኖስም የሚያስተምረው የኤጅያን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በክሬታ ያለው ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚጀምሩት መስከረም ተጋምሶ ጥቅምት ሲቃረብ ስለሆነ፣ መንዝ ላይ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ የተነሣው ልጅ ደሴቱ ላይ ሌላ ክረምት ይቀበለዋል። የደጋ ልጅ ብርድ አይፈራም የሚለውም እንዳለ አይወሰድም፤ በመንዝ ሌሊት ውርጭ የሚጥለው ብርድ ደረቅ ነውና ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፣ የደሴቱ ብርድ ግን የባሕር እርጥበት ያለበት በመሆኑ ከልብስና ከግድግዳ ቶሎ አይወጣም። በመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና በሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታ አያስቆጭም። ነፋሱ ሲበረታም የወደብ ባለሥልጣን መርከቦች እንዳይነሡ ስለሚያግድ፣ በአቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬየስ ወደብ የሚሳፈር ተማሪ ተሳፍሮ ሳይሄድ ሊያድር እንደሚችል አስቦ ገንዘብ መያዝ ይኖርበታል።

የግሪክ ፊደል ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ ባዕድ ነው የሚለው እምነት ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተ ነው። የአክሱም ነገሥታት በሳንቲሞቻቸው ላይ በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር፤ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዒዛናም ድሉን በድንጋይ ሲያስቀርጽ ከግእዙ ጋር ግሪክኛውን አስቀርጿል። ከዚህ ሁሉ የቀረበው ግን የግእዝ ቁጥር ነው። ጥንታውያን ግሪኮች ለቁጥር የተለየ ምልክት ስላልነበራቸው ፊደላቸውን በቁጥርነት ይጠቀሙበት ነበር፤ አልፋ አንድ፣ ቤታ ሁለት፣ ጋማ ሦስት እያለ ይቀጥላል። የግእዝ ቁጥሮችም የተገኙት ከእነዚሁ ፊደላት ነው። ፴ን አተኩሮ ያየ ሰው፣ ሁለት እግሩን ያንፈራጠጠው ላምዳ ከላይና ከታች በሠረዝ ታስሮ ያገኘዋል፤ ላምዳም በግሪኮች ዘንድ ሠላሳ ነው። ፻ም መቶን የሚወክለው ሮ ነው፤ አንገቱን እንዳጎበጠ ቆሟል። በግሪክ ትምህርት ቤቶች የክፍል ደረጃ ዛሬም በፊደል ስለሚጻፍ፣ በሰበካው የቄስ ትምህርት ቤት ቁጥር የቆጠረ ልጅ የበሩን ጽሑፍ ሲያይ የሚያውቀውን ሥርዓት ያያል። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ዲያቆን፣ ስንክሳር የሚሉት ቃላትም ሥራቸው ግሪክኛ ነው።

ይህ ዝምድና ግን ቋንቋውን አያቀልም። ዛሬ ቤታ የሚነበበው «ቪታ» ተብሎ ነው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትም በአብዛኛው የሚሰጠው በግሪክኛ በመሆኑ፣ አውሮፓ ሁሉ በእንግሊዝኛ ያስተምራል ብሎ የሚነሣ ሰው ከባድ ስሕተት ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን የሚያደናግረው ደግሞ ከቃሉ ይልቅ ምልክቱ ነው። ግሪክ ራሱንና ቅንድቡን ወደ ላይ ሲያነሣ «የለም» ማለቱ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ራሱን ቀና ሲያደርግ ግን «እሺ፣ አዎ» ማለቱ ነው። አከራይዋ «ክፍሉ ተይዟል» ስትለው ተማሪው ተፈቀደልኝ ብሎ ሻንጣውን ሊያስገባ ይችላል። «ኔ» የሚለው ድምፅም አሉታ ቢመስልም ትርጉሙ «አዎ» ነው።

በሃይማኖት በኩል «ሁለታችንም ኦርቶዶክስ ነንና ልዩነት የለንም» የሚለው አነጋገር ከፍቅር ቢመነጭም ጥንቃቄ ይሻል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ስለማትቀበል፣ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቅዱስ ቁርባን አይተባበሩም፤ ተማሪው ገብቶ ሊጸልይ፣ ሻማ ሊያበራ ይችላል፣ ሊቆርብ ግን አይችልም። ይህ ልዩነት መቀራረቡን አላስቀረውም፤ በሀልኪ በነበረው የግሪክ ኦርቶዶክስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ኢትዮጵያውያንም ተምረዋል። ብዙዎች ይህን ሀልኪ በግሪክ ከሚገኘው ስመ ሞክሼው ደሴት ጋር ያምታቱታል፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ግን በኢስታንቡል ፊት ለፊት፣ በማርማራ ባሕር ውስጥ ነው። በ1844 ተከፍቶ በ1971 ተዘግቷል፤ ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጾምና በዓል ያለው አሳብም በግማሽ ብቻ ይሠራል። ፋሲካ በሁለቱም ዘንድ በአንድ ቀን ይውላል። ዐቢይ ጾምን ግን ኢትዮጵያውያን 55 ቀን ሲጾሙ ግሪኮች ከአንድ ሳምንት በኋላ ይጀምራሉ፤ በዚያ ሳምንት ሥጋ ትተው አይብ ይበላሉ፣ በጾሙም ውስጥ ስምንት እግር ያለውን የባሕር እንስሳና ዛጎል ለባሾችን እንደ ጾም ምግብ ያቀርባሉ። ለመንዝ ሰው ይህ እንግዳ ነው፤ «የጾም ነው» የተባለውን ሁሉ ሳይጠይቅ እንዳይበላ ማወቁ ይበጀዋል። ልደትን ግሪኮች በዲሴምበር 25፣ ጥምቀትን ደግሞ በጃንዋሪ 6 ያከብራሉ። በጥምቀት ዕለት ካህኑ መስቀሉን ወደ ባሕሩ ይወረውራል፣ ወጣቶችም በብርዱ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ለማውጣት ይሽቀዳደማሉ፤ ተማሪው ይህን ከዳር ቆሞ ሲያይ፣ በዘመሮ ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ለመውረድ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል።