አክሊሉ ወይስ ለማ? የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር አዘገጃጀት

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ወቅት ሲቃረብ በብስራተ ገብርኤል አካባቢ የሚገኙ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በተማሪዎች ይጨናነቃሉ። ከእነዚህ በአንዱ ተራችንን ስንጠብቅ፣ አንዲት ተመራቂ መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ አርመው የመለሱላትን ገጽ ለጸሐፊዋ ስታሳይ ተመለከትን። ገጹ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ነበር። በዝርዝሩ ከተጠቀሱት ኢትዮጵያውያን ከፊሎቹ በራሳቸው፣ ከፊሎቹ ደግሞ በአባታቸው ስም ተመዝግበዋል። እንዲያውም አንዱ ተመራማሪ ሁለት ቦታ፣ እንደ ሁለት ሰው ሆኖ ገብቷል። ተማሪዋ «ታዲያ ትክክሉ የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄው የብዙዎቻችን በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ወደድን።

የዋቢ ጥቅም

ዋቢ ማለት ዋስ ወይም ምስክር ማለት ነው። አንድ ጸሐፊ ዋቢ ሲጠቅስ ሦስት ነገሮችን ይፈጽማል። ሐሳቡን ላፈለቀው ሰው ተገቢውን ክብር ይሰጣል፤ አንባቢው ምንጩን ፈልጎ እንዲያገኝ መንገድ ያሳያል፤ የራሱም አባባል እንዲመረመር ይፈቅዳል። ስሙ የተሳሳተ ምስክር ቢጠራ እንደማይቀርብ ሁሉ፣ ስሙ የተዛባ ዋቢም ተፈልጎ አይገኝም።

የስም ችግር

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራባቸው የዋቢ አጻጻፍ ስልቶች አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ስምን ያስቀድማሉ፤ የግል ስምን ደግሞ በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ያሳጥራሉ። በአገራችን ልማድ ግን ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም አይደለም። ስልቱን እንዳለ ስንጠቀምበት ደራሲው በአንድ ፊደል ይቀራል፤ ክብሩ ወደ አባቱ ይሄዳል።

ለዚህ ዶክተር አክሊሉ ለማን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እኒህ ተመራማሪ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዚህም በመነሣት እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አሳዩ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። በብዙ የሕክምና መጽሔቶች ግን የሚገኙት «ለማ፣ አ.» ተብለው ነው። አልማዝ ለማ ወይም አበበ ለማ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ቢኖርም አጻጻፉ ይኸው ነው። እንደዚሁም በ1999 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንስ» መጽሔት አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂን ለዓለም ያስተዋወቀው ጽሑፍ «አስፋው እና ሌሎች» ተብሎ ይጠቀሳል። አስፋው የዶክተር ብርሃኔ አባት ናቸው።

ይህ የማይቀር ዕዳ አይደለም። በእጽዋት ስያሜ ሥርዓት ዝርያውን የሰየመው ሳይንቲስት ስም ከዝርያው ሳይንሳዊ ስም ቀጥሎ ይጻፋል። በዚህም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው «ሰብስቤ»፣ ዶክተር መስፍን ታደሰም «መስፍን» ተብለው በዓለም አቀፍ መዝገብ ሰፍረዋል። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ ይጽፋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን የሚመዘግበው በ«ባሕሩ» ነው።

ዓመተ ምሕረቱስ?

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ 1958 ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ የውጭ አንባቢ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ልዩነቱ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። ወሩ ካልታወቀ «1958 ዓ.ም. (1965/66 እ.ኤ.አ.)» ብሎ መጻፍ ከስሕተት ያድናል።

ለጀማሪ ጸሐፊዎች

1ኛ/ መምህሩ ወይም መጽሔቱ ያወጣው መመሪያ ካለ አስቀድሞ ማንበብና መከተል ይገባል። ምርጫው ለጸሐፊው ከተተወ፣ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡና ሳያሳጥሩ መጻፍ ይመረጣል።

2ኛ/ መመሪያው የአባትን ስም አስቀድሙ ካለ፣ ቢያንስ የራስን ስም በሙሉ እንጂ በአንድ ፊደል አለመጻፍ፤ ይህም ካልተፈቀደ በዝርዝሩ ሁሉ ወጥ መሆን።

3ኛ/ ጽሑፉ ውስጥ «አክሊሉ» ብሎ ጠቅሶ ዝርዝሩ ላይ በ«ለማ» መመዝገብ አንባቢን ያሳስታል። ሁለቱ ይጣጣሙ።

4ኛ/ በአማርኛ ሲጻፍ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በፊደል ተራ የተለያየ ቦታ አላቸው። ስለዚህ የደራሲው ስም በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ እንደተጻፈ ይገልበጥ።

5ኛ/ እንደ ዞቴሮ ያሉ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራሞች ስምን በራሳቸው ይገለብጣሉ። በዞቴሮ ስሙን በአንድ ሳጥን ውስጥ በሙሉ ማስገባት ይህን ያስቀራል።

6ኛ/ የራስን ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፉ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ወስኖ አለመለዋወጥ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው ባለ16 አሃዙ የኦርሲድ መለያ ቁጥርም፣ ስሙ ቢገለበጥ እንኳ ሥራውን ከባለቤቱ ጋር ያገናኛል።

ያቺ ተመራቂ ዝርዝሯን በራስ ስም አስተካክላ፣ ሁለት የሆነውን ተመራማሪም አንድ አድርጋ አሳተመች። የፈጀባት ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ነገ ጽሑፏን ከመደርደሪያ የሚያወጣ ሌላ ተማሪ ግን የሚፈልገውን ሰው በስሙ ጠርቶ ያገኘዋል።