የአጥንት መሙያ የሚፈተነው በምን ነው?

እግሩ የተሰበረ ውሻ ስብራቱ ቀንቶ በደንብ ከታሰረለት አጥንቱ ራሱን በራሱ ይገጥማል፤ የወጌሻውም የሐኪሙም ድርሻ ጫፎቹን አገናኝቶ ማቆየት ነው። መኪና ያደቀቀው ወይም ለዕጢ ሲባል መሐሉ ተቆርጦ የወጣ አጥንት ግን የሚገናኝ ጫፍ የለውም። ክፍተቱ ከልክ ካለፈ አጥንቱ ከወዲያና ከወዲህ ማደግ ጀምሮ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቦታውንም ለስላሳ ጠባሳ ይይዘዋል። ያ ልክ በአይጥ የራስ ቅል ላይ 8 ሚሊ ሜትር፣ በጥንቸል የራስ ቅል ላይ 15 ሚሊ ሜትር፣ በበግ ቅልጥም ላይ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ከራሱ ከእንስሳው የተወሰደ አጥንት፣ ከሌላ እንስሳ ተወስዶ የተዘጋጀ አጥንት፣ ጀሶ፣ ሴራሚክ፣ ልዩ ብርጭቆም ሳይቀር ይቀርባል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄ በየጥናቱ ይመላለሳል። በእኔ እምነት ግን ዋናው መፈተኛ ጊዜ ነው፦ መሙያው አዲሱ አጥንት እስኪደርስ ይጠብቃል? ሲደርስስ ቦታውን ይለቃል?

ይህን ከሁሉ በግልጽ የሚያሳየው ጀሶ ነው። ድሪስማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአጥንት ክፍተትን በጀሶ መሙላቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1892 ነበር። ጀሶ ርካሽ ነው፣ ሰውነትም አይጠላውም፤ ችግሩ በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ማለቁ ነው። ሰፊ ክፍተት ለመሻገር ወራት የሚፈልገው አዲስ አጥንት፣ ግድግዳው ሳይቆም ርብራቡ እንደፈረሰበት ግንበኛ መያዣ ያጣል። ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው ሴራሚክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የአጥንትን ማዕድን ስለሚመስል አጥንት በደንብ ይያያዘዋል፤ ይሁንና ጥቅጥቅ ብሎ ከተተኮሰ ለዓመታት ንቅንቅ አይልም፣ ተሰባሪነቱን እንደያዘም እዚያው ይቀራል። በውስጡ ያለው ካልሲየም ለፎስፈረስ ያለው ምጣኔ 1.67 ነው። የቅርብ ዘመዱ የቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት ምጣኔ ደግሞ 1.5 ሲሆን፣ ይህች ኢምንት የምትመስል ልዩነት ዕጣቸውን ትለያለች፤ ሁለተኛው በወራት ውስጥ እየተበላ ቦታውን ለአጥንት ይለቃል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም የተለመደው ለዚህ ነው። በሴራሚኩ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎችም ቀላል ነገር አይደሉም፦ ስፋታቸው ከ100 ማይክሮ ሜትር ካነሰ አጥንት እምብዛም አይዘልቅባቸውም፤ ወደ 300 ሲጠጋ ግን ደም ሥር ቀድሞ ይገባል፣ አጥንትም ይከተለዋል።

«ከራሱ ከእንስሳው የሚወሰደው አጥንት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሰው ትክክለኛ ነጥብ ይዟል። ከውሻው ትከሻ አጠገብ ወይም ከዳሌው ተፍቆ የሚወጣው ስፖንጅ መሰል አጥንት ሕይወት ያላቸው ህዋሳት፣ የእድገት ምልክቶችና መደገፊያ በአንድነት ይዞ ይመጣል፤ መሄጃውንም ያውቃል፣ ምክንያቱም በአዲሱ የሚተካው ራሱ አጥንት ስለሆነ ነው። ሆኖም የፊት እግሩ ከእርሳስ ብዙም ከማይወፍር ትንሽ ውሻ ምን ያህል ይገኛል? ሁለተኛ ቁስል፣ ሁለተኛ ሕመምና የተራዘመ ማደንዘዣም አለበት። ከሌላ እንስሳ ተወስዶ በአጥንት ባንክ የተቀመጠው ይህን ያስቀራል፤ ህዋሳቱ ግን ሞተዋል። ቢሆንም ማርሻል ዩሪስት እ.ኤ.አ. በ1965 በአሲድ ማዕድኑ የወጣለትን አጥንት ጡንቻ ውስጥ ቀብሮ አዲስ አጥንት ሲበቅል በማሳየቱ፣ የሞተ አጥንትም መልእክት እንደሚያስተላልፍ ታውቋል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ አብዛኛው ንጽጽር በጥንቸልና በአይጥ ላይ ተሠርቶ ለውሻና ለፈረስ እንዴት ይሆናል? በከፊል አይሆንም። ራዲየስ የተባለው የጥንቸል የፊት እግር አጥንት ለሙከራ የሚወደደው አጠገቡ ያለው አልና የተባለው አጥንት ደግፎ ስለሚይዘው ነው፤ ብረት ማሰር አያስፈልግም። ስለዚህ እዚያ ያሸነፈ መሙያ ክብደት መሸከሙ ገና አልተፈተነም። አንዳንድ ባለቀዳዳ ሴራሚኮች በውሻ ጡንቻ ውስጥ አጥንት ሲያበቅሉ በአይጥ ውስጥ አያበቅሉም። ይህ ግን ንጽጽሩን እንድንተው ሳይሆን አጥብቀን እንድንጠይቅ ያስገድዳል። ባዶ የተተወ ክፍተት በማነጻጸሪያነት ካልቀረበ፣ መሙያው አድኖት ይሁን በራሱ ድኖ ይሁን በምን ይታወቃል? በራጅ ብቻ የሚፈርድ ጥናትም ያሳስበኛል። ካልሲየም ያለበት ሴራሚክ ገና ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከስምንት ሳምንት በኋላ የሚታየው ንጣት አዲስ አጥንት ይሁን ያው የገባው ቅንጣት፣ ፊልሙ ለይቶ አይናገርም። እውነቱ የሚወጣው አጥንቱ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ወይም በመሣሪያ ሲጎብጥና ስንት ኃይል እንደሰበረው ሲለካ ነው።

ሚዛኑ ጊዜ ከሆነ የአንዱ ቦታ ጉድለት በሌላው ቦታ ጥቅም ይሆናል። ተህዋስ የገባበት አጥንት ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ባዕድ ነገር ለባክቴሪያ መደበቂያ ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የጀሶ እንክብል ይቀበራል፤ መድኃኒቱን እየለቀቀ ይሟሟል፣ ለማውጣት ተብሎም እንስሳው ዳግም አይቀደድም። ለሰፊው ክፍተት ያላበቃው ፍጥነት እዚህ የሚመረጥበት ምክንያት ነው፤ የአጥንቱ መሙያ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ከጠፋ በኋላ ሊገባ ይችላል።